ያልነበረው ውሻ

ሳይማ ቅዳሜ ጠዋት እንደ ወትሮዋ ጎህ ሳይቀድ ተነሣች። የወጥ ቤቱን መብራት አበራች፤ ምድጃው ውስጥ ያደረውን ፍም ቆስቁሳ ሁለት ፍልጥ ጨመረችበት። ቡናዋ እስኪፈላ ድረስ በመስኮቱ ወደ ደጅ ስትመለከት ቆየች። ሌሊቱን የጣለው በረዶ ከበረንዳው እስከ ሳውናው፣ እስከ እንፋሎት መታጠቢያ ጎጆው፣ የሚወስደውን መንገድ ደፍኖታል። መጋቢት ገብቷል፤ በሰሜኗ ምድር በኪዊናው ግን መጋቢት ገባ ማለት ብርዱ ወጣ ማለት አይደለም። ከዛፎቹ ባሻገር ሐይቁ እንደ ነጭ ሜዳ ተኝቷል።

ቡናዋን ቆማ ጠጣች። አንድ እንቁላል ቀቅላ በላች። ሳህኑን አጠበች፣ አደረቀች፣ ወደ ቦታው መለሰች። አንድ ሳህን ማጠብ ይህን ያህል ፈጥኖ እንደሚያልቅ ከዚህ በፊት አታውቅም ነበር። ከዚያ የባሏን የዌንደልን ወፍራም ካፖርት ደረበች፤ የእሷ ካፖርት ዚፑ አልዘጋ ካለ ሰንብቷል። አካፋዋን ይዛ ወጣች።

መንገዱን እየጠረገች ስትሄድ በልቧ የምትለማመደው ነገር ነበር። "አርቮ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበር" አለች ለበረዶው። ጉሮሮዋን ጠረገች። "አርቮ፣ ወንድሜ፣ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበር።" ሁለተኛውም ከመጀመሪያው አልተሻለም።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። ልጇ አኔሊ ሰኞ ማታ ደወለች።

"እማ፣ ቅዳሜ ራውልን ይዤው ልመጣ ነው። ከሰርጋችን በፊት ቤታችንን ይይ ብዬ።"

"ደግ አደረግሽ።"

"ግን ሳውናውን ማሞቁ ከከበደሽ ተይው። ከተማ ሆቴል እናርፍና ቀን መጥተን አይተንሽ እንመለሳለን።"

"ለምን ሆቴል?"

"እንዳትቸገሪ ብዬ ነው።"

"አልቸገርም። ማገዶው ተፈልጧል።"

አኔሊ ቀስ ብላ "ታሪኩንስ ማን ይነግረዋል?" አለች።

"እኔ እነግረዋለሁ።"

"አንቺ?"

ያቺን "አንቺ?" ሳይማ ሰኞም ማክሰኞም ስታስባት ሰነበተች። ክፋት የለባትም፤ መደነቅ ብቻ ናት። ድመት መኪና ልንዳ ብትል ሰው እንደዚያ ነው የሚላት።

የከበዳት ታሪኩ ብቻ አልነበረም። ዌንደል ያረፈው ቅጠል ሲረግፍ ነው። ለገና አኔሊ ሳምንት ልትሰነብት መጣች። ሁለቱ በዚያ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ድንች ሲቀባበሉ፣ ጨው ሲቀባበሉ፣ እንደገና ድንቹን ሲቀባበሉ ቆዩ። በአራተኛው ቀን ልጅቷ ከባድ በረዶ ሊመጣ ነው ብላ ቦርሳዋን ዘጋች። በረዶው አልመጣም። ሳይማ ያኔ ምንም አላለችም፤ ግን ገብቷታል። ልጇ የሸሸችው በረዶውን ሳይሆን ጸጥታውን ነው። ይህ ቅዳሜም እንደዚያ ካለፈ፣ አኔሊ ከእንግዲህ የምትመጣው ሆቴል አርፋ፣ ሰዓቷን እያየች ነው። ስለዚህ ለአንድ ቅዳሜ ብቻ ቤቱን የድሮው ቤት ማድረግ አለባት። ለዚህ ደግሞ ሳውናው መሞቅ፣ ታሪኩ መነገር፣ እንግዳውም መሳቅ አለበት።

የቤቱ ሕግ እንደዚያ ነው። አዲስ ሰው ታሪኩን ሰምቶ ሳይስቅ ሳውና አይገባም። ሕጉን ያወጣው ዌንደል ነበር፤ ለምን እንዳወጣውም የታወቀ ነው።

ዌንደል የካንሳስ ሰው ነው። ሳይማ ከዩኒቨርሲቲ ይዛው የመጣች ዕለት አባቷ ኢሳክ በር ላይ ቆሞ ጠበቀው። ኢሳክ በቀን ከአምስት ቃል በላይ አይናገርም፤ እንግዳን የሚያከብረው በእጁ ነው። ለዚያን ዕለት እንግዳ በርች ከሚባለው ዛፍ ቅርንጫፍ ከታሰሩት እስሮቹ ሁሉ ቅጠሉ የበዛውንና ጠረኑ የሚጥመውን መርጦ ለብ ባለ ውሃ ነክሮ፣ በሁለት እጁ ሰጠው። እስሩ ቪህታ ይባላል፤ ሳውና አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጀርባቸውን የሚደበድቡበት ነው። በካንሳስ ግን አንድ ሰው ቅጠል አስሮ በሁለት እጁ ከሰጠህ አበባ ነው። ዌንደል አሸተተው፣ እጅ ነሥቶ አመሰገነ፣ ይዞት ወደ ቤት ገባና ለሳይማ እናት ለሂልማ አበረከተላት። ሂልማ እንግዳ የምታሳፍር ሴት አልነበረችም። የወተት ማሰሮውን አንሥታ ውሃ ሞላችና ቪህታውን ጠረጴዛው መሐል አቆመችው። ኢሳክ ለእራት ሲገባ የጀርባ መደብደቢያውን ድንቹና ዓሣው መሐል አገኘው። ኢሳክ ድንች ባሰኘው ቁጥር ቅጠሉን እንደ መጋረጃ በእጁ ገለጥ እያደረገ አነሣ። ሲጨርስ ተነሣ፤ "አበባው ሙቀት ይወዳል" አለ፤ ማሰሮውን አቅፎ ወደ ሳውናው ሄደ። ዌንደልም ተከተለው።

ከዚያ ወዲያ ዌንደል የእንግዶች ሁሉ መሪ ሆነ። "ሰው ልብሱን አውልቆ በማያውቃቸው ሰዎች መሐል ከመቀመጡ በፊት ሊስቅባቸው ይገባል፤ አለዚያ ይፈራቸዋል" ይል ነበር። የአኔሊን የትምህርት ቤት ጓደኞች፣ የስልክ ሠራተኞችን፣ አንድ ጊዜም መንገድ የጠፋባቸውን ባልና ሚስት ወጥ ቤት አስቀምጦ የአርቮን ታሪክ ነግሯቸዋል። ሰው ነው ከተባለ ሳይስቅ የወጣ የለም።

የሚገርመው ግን ታሪኩ የእሱ አለመሆኑ ነው። የተፈጸመው ሳይማ ትንሽ ልጅ ሳለች፣ እሱ ካንሳስ ገና ፊደል ሲቆጥር ነው። እሱ ግን ሲያወራው የነበረበት ያህል ነው፤ ሁለቱም አንድ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ የእሱ ትምህርት ጂኦግራፊ ነበር፣ ያልረገጠውንም አገር እንደ ሰፈሩ ያስተምር ነበር። ሳይማ ያስተማረችው ባዮሎጂ ነው። እሱ ያወራል፤ እሷ ከምድጃው አጠገብ ሆና ታርማለች።

"እኔ ማገዶው ክምር አጠገብ ቆሜ ነበር" ይላል ዌንደል።

"አንተ ካንሳስ ነበርክ!" ይላል ወንድሟ አርቮ።

"ካንሳስ ሜዳ ነው፤ ሩቅ ያሳያል።"

"ዌንደል፣ ማገዶው ያኔ በዚያ በኩል አልነበረም" ትላለች ሳይማ።

"እሺ፣ በዚህ በኩል ቆሜ ነበር።"

መንገዱን ጠርጋ ስትጨርስ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ሳውናው ውስጥ ገብታ አግዳሚውን ፈተገች፣ ባልዲዎቹን ሞላች። ከዚያ ቪህታዎቹ የተሰቀሉበትን ጓዳ ከፈተች። በሰኔ የታሰሩ ናቸው፤ ቅጠላቸው ደርቋል፣ ጠረናቸው ግን አለ። ዌንደል ሲያስር ቋጠሮውን ወደ ግራ ነበር የሚያዞረው። ሁለት አንሥታ በሩን ዘጋችው።

ከቀትር በኋላ አርቮ መጣ። ከወንዙ ማዶ ብቻውን ነው የሚኖረው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሳውና ይመጣል። ዕድሜው ከሰባ አልፏል፤ ለሳይማ ግን ታናሽ ወንድሟ ነው። በረንዳው ላይ ቦት ጫማውን ሲያራግፍ ቤቱ ይንቀጠቀጣል።

"እታለም፣ ጭሱ ከወንዙ ማዶ ይታያል። አገር ልታቃጥዪ ነው እንዴ?"

"እንግዳ አለ። ግባና በሩን ዝጋ።"

"ልጁ ከየት ነው አልሽኝ?"

"ከቴክሳስ። ኤል ፓሶ።"

"በረሃ ማለት ነው። ቀልጦ እጃችን ላይ እንዳይቀር።" ኒሱውን፣ ሄል ያለበትን የተጎነጎነ ዳቦ፣ ከጨርቁ ሥር ገልጦ ጫፉን ቆረሰ። "ታሪኩን አንቺ ልታወሪ ነው አሉ።"

"ማን ነው ያለው?"

"አኔሊ ደውላ። 'አጎቴ፣ ካቃታት አግዛት' አለችኝ።"

ሳይማ ጨርቁን መልሳ ሸፈነችው። "አያቅተኝም። በቦታው ነበርኩ።"

"እሱ አይደል ችግሩ" አለ አርቮ፤ ዳቦውን እያኘከ።

መኪናዋ የመጣችው ሰማዩ መደብዘዝ ሲጀምር ነው። አኔሊ ወርዳ እናቷን አቀፈቻት፤ ፊቷን አየት አደረገቻትና ቶሎ ዓይኗን አነሣች። ራውል ረጅም፣ ትሑት፣ የአንገት ልብሱን እስከ አፍንጫው የጠመጠመ ጐልማሳ ነው። ከጥጥ የተሠራ ቀጭን ጓንት አድርጓል። አርቮ ጓንቱን አይቶ ሳይማን አያት፤ ሳይማ ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

"ወይዘሮ ሳይማ፣ ስላስተናገዱኝ አመሰግናለሁ" አለ ራውል። የያዘው ሣጥን ቸኮሌት ነው። አበባ ባለመሆኑ ሳይማ በልቧ እግዚአብሔርን አመሰገነች።

ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ። ቡና ተቀዳ፤ ኒሱው ተቆረሰ። ስለ መንገዱ ተወራ፤ ስለ ድልድዩ ተወራ፤ ስለ በረዶው ተወራ። ከዚያ ወሬው አለቀ። የገናው የመቀባበል አዙሪት ሲጀመር ሳይማ አወቀችው። አኔሊ ቅቤውን ለራውል አቀበለች፤ ራውል ለአርቮ፤ አርቮ ለሳይማ፤ ሳይማ መልሳ ለአኔሊ። ማንም ቅቤ አልቀባም።

"እንግዲህ" አለች ሳይማ፤ እጆቿንም ጭኗ ላይ አደረገች። ለሠላሳ ዓመት ክፍል ገብታ ስታስተምር ያልተንቀጠቀጠ ድምጿ አሁን ቀጠን አለባት። "በዚህ ቤት፣ እንግዳ ሳውና ከመግባቱ በፊት የሚሰማው ታሪክ አለ።"

"አኔሊ ነግራኛለች" አለ ራውል፤ ቀጥ ብሎም ተቀመጠ።

"የካቲት ነበር። ወይም የጥር መጨረሻ።" አሰበች። "የካቲት ነው። አርቮ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበር። ከሳውናው በረዶ ላይ ሊንከባለል ወጣ፤ እኛ ጋ ይህ የተለመደ ነው፤ የደም ዝውውርን ያፋጥናል። በዚያው ሰዓት የቄስ ሳሎ መኪና መንገዱ ዳር በረዶ ውስጥ ሰምጦ ነበር። ቄሱ አርቮን ጠሩት። 'ልጄ፣ ና ግፋ' አሉት። እሱም ገፋ።"

እዚህ ላይ ንግግሯን ገታች። ራውል ጠበቀ።

"ልብስ ሳይለብስ" አለች ሳይማ።

"አሃ" አለ ራውል። "መኪናውስ ወጣ?" ብሎ ጠየቀ።

"ወጣ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

ምድጃው ውስጥ ፍልጥ ተንኮታኩቶ ወደቀ። አኔሊ የጽዋዋን እጀታ እያዞረች አጎንብሳለች። ሳይማ ያን አጎነባበስ ታውቀዋለች፤ የገና ነው።

"እታለም፣" አለ አርቮ፣ "ይሄ ለፖሊስ የተሰጠ ቃል ነው ወይስ ታሪክ? እንፋሎቱስ? ገላዬ ሲጨስ የቄሱ ሚስት ባቡር መጣ ብላ የጮኸችውስ?"

"አልጮኸችም። ዝም ብላ የመኪናውን ጣሪያ ነበር የምታየው።"

"ደግሞ ውሻውን የት ጣልሽው?"

"የምን ውሻ?"

"የምን ውሻ ትለኛለች! ሙስቲ ነዋ! ከኋላዬ መጥቶ ከመኪናው ጋር የተጋፋው!"

"አርቮ፣ ውሻ አልነበረም።"

"እንዴት አልነበረም! ውሻዬን!"

"እኛ ቤት ውሻ ኖሮ አያውቅም። አባባ 'የማያርስ አፍ አልቀልብም' ይል ነበር። ሙስቲን ያመጣው ዌንደል ነው። ታሪኩ ላይ ውሻ ይጎድለዋል ብሎ አንድ ቀን ጨመረው። እኔም እዚህ ምድጃ አጠገብ ቆሜ 'ውሻ አልነበረም' አልኩት። ሁልጊዜ እለው ነበር።"

አርቮ ኩባያውን አስቀመጠ። "ጥቁር ነበር። አንድ ጆሮው የታጠፈ። ብርድ ሲሆን እግሬ ሥር ይተኛ ነበር።"

"እግርህ ሥር እተኛ የነበርኩት እኔ ነኝ። አልጋው አንድ ነበር።"

ራውል በአፍንጫው አንድ ድምፅ አሰማና ቶሎ ቡናውን ጠጣ።

"ዌንደል ያኔ ካንሳስ ነበር!" አለ አርቮ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "የኛን ቤት ውሻ ካንሳስ ሆኖ እንዴት ሊያመጣው ይችላል?"

"ይኸው፣ አንተው ተናገርከው። እሱ እዚህ አልነበረም፤ ውሻውም የእሱ ፈጠራ ነው።"

አርቮ ጠረጴዛውን አየ፣ ከዚያ እህቱን አየ። ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም። ከአርባ ዓመት በላይ በየቅዳሜው የሰማው ውሻ አንድ ቀን ጆሮ አወጣ፣ አንድ ቀን ቀለም አወጣ፣ እግሩ ሥር ገብቶ ተኛ፤ አሁን ደግሞ አንዲት የባዮሎጂ መምህር ተነሥታ ውሰዱት ትላለች። ሚስት አላገባም፤ ልጅ የለውም። ሳይማ የወንድሟን ትልልቅ እጆች፣ ባዶውን ኩባያ እንዴት እንደከበቡት አየች። ልጇንም አየች። አኔሊ ራሷን ቀና አድርጋለች፤ እየጠበቀች ነው፤ ምን እንደምትጠብቅ ግን ራሷም የምታውቅ አትመስልም።

"ጥቁር ነበር አልክ?" አለች ሳይማ።

"ጥቁር።"

"የትኛው ጆሮው ነው የታጠፈው?"

አርቮ በጥርጣሬ አያት። "የግራው።"

"እንግዲያ ረስቼው ይሆናል" አለች ሳይማ።

አርቮ ዘወር ብሎ አኔሊን "ሰማሽ? ምን እንዳለች ሰማሽ?" አላት። ሳይማ 'ረስቼው ይሆናል' የሚለውን ቃል በዚያ ቤት ውስጥ ተናግራው አታውቅም።

"እንደገና ልጀምር" አለች ሳይማ ለራውል። ተነሥታ ምድጃው አጠገብ ሄደች፤ ያ የአራሚ ቦታ እንጂ የተራኪ እንዳልሆነ ትዝ ሲላት ተመልሳ ጠረጴዛው ራስጌ ቆመች። "የካቲት ነው። ብርዱ ምራቅ መሬት ሳይደርስ ያደርቃል። ይሄ ሰውዬ፣ ያን ጊዜ ቁመቱ እዚህ ድረስ ነው፣ ከሳውናው እንደ ተቀቀለ ድንች እየጨሰ ብቅ ይላል። ውሻው ከኋላው። ቄስ ሳሎ መኪናቸው ሰምጦ፣ ኮፍያቸውን ይዘው መንገድ ዳር ቆመዋል። ልጁ ዞሮ ሊሮጥ ይችል ነበር። ግን ቄስ ሲጠራ ዞሮ መሮጥ በእኛ ቤት አይታሰብም፤ እናታችን ኃጢአት ነው ያለችው ራቁት መሆንን ሳይሆን ሲጠሩ አቤት አለማለትን ነው። ስለዚህ 'አቤት' አለ።"

"አቤት ነው ያልኩት" አለ አርቮ፤ እያረጋገጠ።

"ሄደ። የመኪናውን ኋላ ያዘ። ገፋ። ጎማው ዞረ፤ በረዶው ሁሉ ተነሥቶ እሱ ላይ። አሁን ነጭ ሆነ። ውሻውም ነጭ ሆነ። የቄሱ ሚስት የኦሃዮ ሴት ናት፣ ሳውና የምታውቀው በወሬ ነው። ወደ ኋላ ዞር ስትል አንድ ነጭ የሚጨስ ነገርና አንድ ነጭ የሚጮኽ ነገር መኪናዋን ይዘውታል።"

ራውል ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን ነከሰ።

"ጮኸች" አለች ሳይማ። ይህን ስትል ዓይኗን አልሰበረችም። "ጮኻም በሩን ከፈተች። ውሻው ደግሞ የሚሞቅ ነገር ሲፈልግ ነበርና ዘሎ ገባ፤ ጭኗ ላይ ተቀመጠ። መኪናው በዚያው ጊዜ ተነቅሎ ወጣ። ቄሱ ነዱ። አርቮ ራቁቱን 'ውሻዬን! ውሻዬን!' እያለ በመንደሩ መሐል ከኋላ ይሮጣል።"

ራውል ፈነዳ። የሳቁ ድምፅ ከትሕትናው ጋር አይሄድም፤ የአህያ ሳቅ ነው። አርቮ ጠረጴዛውን በመዳፉ እየደበደበ "ውሻዬን!" ይላል፣ ዓይኑን ይጠርጋል፣ እንደገና "ውሻዬን!" ይላል። አኔሊ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሳይማ ልጇ እየሳቀች መሆኗን እስክታይ ድረስ አልተቀመጠችም።

"ቄሱስ?" አለ ራውል፤ ትንፋሹ ሲመለስ። "ምንም አላሉም?"

"ቄሱ እኮ የኛው ሰው ናቸው፤ ሳውና ነው ያሳደጋቸው። ፖስታ ቤቱ ጋ ሲደርሱ አቆሙ፣ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ፣ 'ልጄ፣ ሳውናው አሁንም ትኩስ ነው?' አሉት።"

የታሪኩ መጨረሻ ግን እውነት ነበር። ቦታው ብቻ ፖስታ ቤቱ አልነበረም።

አኔሊ ፊቷን ከእጇ አወጣች። "እማ፣ አባባ ውሻው የቄሱ ሚስት ጭን ላይ ወጣ ብሎ አያውቅም።"

"እሱ መቼ እዚያ ነበረና" አለች ሳይማ። "የነበርኩት እኔ ነኝ።"

ወንዶቹ ቀድመው ገቡ። እናትና ልጅ ኩባያ ሲያጥቡ ከሳውናው የአርቮ ድምፅ ይሰማል፤ ውሃ በጋለው ድንጋይ ላይ ሲፈስና ሲንጫጫ ይሰማል። ቀጥሎ አንድ ረጅም ጩኸት መጣ፤ በሩ ተበረገደ፤ አንድ ረጅም ሰው በመስኮቱ ፊት አልፎ በረዶው ላይ ተዘረጋ።

"አትይ፣ እማ" አለች አኔሊ፤ ራሷ እያየች።

"እኔ ጣሪያውን ነው የማየው" አለች ሳይማ።

ሲመለሱ ራውል እንደ በርበሬ ቀልቷል። "እኛ ጋ ይሄ ሙቀት ደጅ በነፃ ነው" አለ፤ ፎጣውን እያጠበቀ። አርቮ የሳይማን ክንድ ይዞ ወደ ጓዳው ሳባትና በጆሮዋ ነገራት፦ "ካልሲውን ሳያወልቅ ገብቶ ነበር። አንድም ቃል አላልኩትም። አግዳሚው ላይ በካልሲ!" ሳይማ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ከዚያ ተራው የሴቶቹ ሆነ። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ሳይማ በጭልፋ ውሃ አፈሰሰች። እንፋሎቱ ወጥቶ ትከሻቸው ላይ ሲወርድ ሁለቱም ዝም አሉ። የገናው ዝምታ ግን አልነበረም። አኔሊ ቪህታውን አንሥታ እያሸተተች፦

"በሰኔ እንመጣለን። ሁለት ሳምንት ፈቃድ አለን። ራውል ቅጠሉን ማሰር ይማራል።"

"አርቮ ያሳየዋል።"

"አርቮ አጎቴማ ያሳየዋል፤ አንቺ ደግሞ ታርሚያለሽ።"

"ቋጠሮው ወደ ግራ ነው" አለች ሳይማ። ሌላ ጭልፋ ውሃ አፈሰሰች።

እሑድ ከምሳ በኋላ ሄዱ። አኔሊ ሰዓቷን አላየችም። ራውል በር ላይ አርቮን ሲያቅፍ ጊዜ ወሰደ፤ ሳይማን ግን አቅፎ ይሁን እጅ ነሥቶ ይሰናበታት አላወቀም፤ ሁለቱንም አደረገ። አርቮ የሰውየውን ቀጭን ጓንት ተቀብሎ የራሱን የበግ ቆዳ ጓንት ሰጠው፤ እሱ ግን እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ወደ ወንዙ ማዶ ሄደ። መኪናዋ ከዛፎቹ ጀርባ እስክትጠፋ ድረስ ሳይማ በረንዳው ላይ ቆመች።

ፎጣዎቹን አጥባ ከምድጃው በላይ ባለው ገመድ ላይ ሰቀለች። ወለሉን ጠረገች። ከዚያ ኩባያ ቡና ቀድታ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠች። የምታወራው ብዙ ነበራት። ልጁ ዓሣውን ሳይወደው ሁለት ጊዜ ጨምሮ መብላቱን። ሳቁ የአህያ መሆኑን፣ ግን የደግ አህያ። የተጠቀመበትን ፎጣ እንደ ደብዳቤ አጥፎ ማስቀመጡን። አርቮ ውሻውን መልሶ ሲያገኝ ምን እንደመሰለ። አኔሊ እንደሳቀች። ካልሲውን።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ ሰዓት ከመላው ቅዳሜ ይበልጥ ነበር። እንግዳው ሲሸኝ፣ በሩ ሲዘጋ፣ እሷና ዌንደል ቁጭ ብለው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነሡት ነበር።

ቤቱ ንጹሕ ነው። ማገዶ አለ። ልጇ በሰኔ ትመጣለች። እንግዳ ከተሸኘ በኋላ ስለ እንግዳው የምታወራለት ሰው የለም።